ከማሳና ከጓሮ የሚጠመቀው ጠላችን

አንድ ሕዝብ ከአበውና ከእማት ተቀብሎ ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው ሀብት በብራና የተጻፈው መጽሐፍ፣ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ መቅደስና በሙዚየም መስተዋት ውስጥ የሚታየው ዘውድና ካባ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ጓዳ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ መዝገብ ሳይከፈትለትና የምስክር ወረቀት ሳይሰጥበት፣ ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ ሲተላለፍ የኖረው ጥበብም ከዚያ ያላነሰ ክብር የሚገባው ቅርስ ነው። ከእነዚህም የጓዳ ጥበቦች መካከል በራስ ማሳ በታጨደ ገብስ፣ በራስ ጓሮ በተተከለ ጌሾና ከዱር በተለቀመ ወይራ የሚጠመቀው ጠላ ዋነኛው ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘመን ዕውቀቱ ከባለቤቶቹ ጋር ሲቀበር፣ ዕፁ ከየጓሮው ሲነቀል፣ ጋኑም በየጥጋጥጉ ተሰባብሮ ሲቀር ዝም ብለን እንመለከታለን። ጠላ መጥመቅን የድህነትና የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያየው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን፣ ይህም ጥበብ እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ሊጻፍ፣ ሊመረመርና ከነአዝርዕቱና ከነዕፀዋቱ ሊጠበቅ የሚገባው መሆኑን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

በመሠረቱ የጠላ ታሪክ ከመንግሥታችን ታሪክ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው ንጉሥ ዒዛና፣ ያመፁበትን የቤጃ ነገሥታት በወንድሞቹ እጅ አስገብሮ ከነሕዝባቸውና ከነከብታቸው ወደ ሌላ ምድር ባሰፈራቸው ጊዜ፣ ድሉን ለማሳሰብ በግዕዝና በጽርዕ ቋንቋ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ፣ ለሰፋሪዎቹ ከታዘዘላቸው ቀለብ መካከል ወይንና ጠላ ተጠቅሰው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ታላቅ ንጉሥ ስሙንና ድሉን ለትውልደ ትውልድ በሚያስተላልፍበት ድንጋይ ላይ ጠላን መጥቀስ ካላሳፈረው፣ እኛ የልጅ ልጆቹ በጓዳችን ባለው ጋን የምናፍርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። ከዚያም ወዲህ ባለው ረዥም ዘመን ጠላ ከሕዝቡ መንፈሳዊና ማኅበራዊ ኑሮ ተለይቶ አያውቅም፤ በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ከባረኩ በኋላ የሚካፈሉት፣ በተዝካሩ ድሀው የሚጠግብበት፣ በሠርጉ ዘመድና ጎረቤት የሚመሰጋገንበት፣ በደቦውም ለአጫጁና ለወቂው ጉልበት የሚሆነው እርሱ ነው። በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ከየደጃፉ የሚወጣው የጌሾና የወይራ ጢስ መዓዛ፣ በዓል መድረሱን ከደወል ቀድሞ የሚያስታውቅ መሆኑን ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ጠላን ከሌላው መጠጥ ለይቶ የሚያስከብረው ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ቤተ ሰብ መሬትና እጅ ሊሠራ መቻሉ ነው። የደጋው ገበሬ በሰኔ የዘራውን ገብስ በኅዳርና በታኅሣሥ አጭዶ ወቅቶ ጎተራ ሲያስገባ፣ ለእንጀራው፣ ለቆሎው፣ ለበሶውና ለጠላው የሚሆነውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ማውጌ፣ ሰነፍ ቆሎ እየተባለ በየስሙ የሚጠራው ዘር ሁሉ የየራሱ ጠባይና የየራሱ ግብር ያለው በመሆኑ፣ ለቆሎ የሚሆነው ለጠላ፣ ለጠላም የሚሆነው ለቆሎ እንደማይመረጥ ባለቤቱ ጠንቅቆ ያውቃል። ጎጃም ሲወረድ ዳጉሳ፣ ቆላ ሲወረድ ማሽላ፣ በሌላውም ስፍራ ስንዴ፣ በቆሎና ጤፍ የገብስን ስፍራ ይይዛሉ ወይም ከገብስ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህም ጠላ አንድ ስም ይዞ የብዙ አፈር ጣዕም ያለው፣ ጠጪው ቀምሶ አገሩን የሚለይበት መጠጥ ሊሆን ችሏል።

ጌሾን በሚመለከት ነገሩ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። የተፈጥሮ ሊቃውንት ራምነስ ፕሪኖይዲስ ብለው የሚጠሩት ይህ ቁጥቋጦ ከእኛ አገር ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በየተራራው የሚበቅል ሲሆን፣ ለመጠጥ መጥመቂያነት እጅግ የከበረው ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ነው። በወይና ደጋና በደጋ በየቤቱ አጥር ሥር ተተክሎ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ፍሬው መጀመሪያ ቀይ ኋላም ጥቁር የሚሆን ይህ ዕፅ፣ ለጥቂት ዓመታት ከተንከባከቡት በኋላ ቅጠሉን እየቀነጠቡ፣ ቅርንጫፉን እየመለመሉ ለብዙ ዘመን የሚጠቀሙበት፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ሰጥቶ የተረፈው በገበያ የሚሸጥ፣ ለእናት የጨውና የበርበሬ መግዣ የሚሆን የጓሮ ሀብት ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ደግሞ ይበልጡን ለጠጅ ይመረጣል፤ በፀሐይ ደርቆ በሙቀጫ ሲወቀጥም የሚሰጠው ምሬት፣ ፈረንጆች ለቢራቸው ሆፕስ ከሚሉት ሐረግ አበባ የሚያገኙትን አገልግሎት የሚተካ ነው። ከዱሩም በኩል ጋኑን ለማጠብ ግራዋና ክትክታ፣ ለማጠን ወይራና ጥንጁት ስለሚለቀሙ፣ አንድ ጋን ጠላ የማሳው፣ የጓሮውና የጫካው ኅብረት ውጤት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የአሠራሩ ሥርዓት ከቤት ቤትና ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል፤ ዋናው መንገድ ግን የሚከተለው ነው። አስቀድሞ ገብሱ ተለቅሞ፣ ጠጠሩና የሻገተው ተለይቶ ይዘፈዘፍና፣ ውሃውን ከጠጣ በኋላ በሰፋፊ ቅጠል መካከል ተኝቶ፣ በላዩ ጥቂት ክብደት ተጭኖበት፣ ጎንቁሎ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ይቆያል፤ ከዚያም ተበትኖ በፀሐይ ሲደርቅ ብቅል ይባላል። በግራዋ ታሽቶ የታጠበው ጋን በወይራ ፍም ላይ ተደፍቶ ጢሱ ወደ ሸክላው እስኪሰርግ ድረስ ከታጠነ በኋላ፣ የተወቀጠው ጌሾ ከውሃ ጋር ይገባበትና ለሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ቀጥሎ የብቅሉ ዱቄትና ለዚሁ ተብሎ የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመራል፤ ጥንስሱም ፈልቶ ሲረጋጋ፣ ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ በምጣድ ላይ እየታመሰ የበሰለው እንኩሮ ከተጨማሪ ጌሾ ጋር ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ በደንብ ታሽጎ እስኪበስል ድረስ ቆይቶ በውሃ ከቀጠነ በኋላ፣ ገና ሳይጠራ የሚጠጣው ጉሽ፣ ጠርቶና ተጣርቶ የሚቀዳው የእንግዳ ጠላ፣ በቀሪው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘውም ለልጅና ለእረኛ የሚሰጠው ቅራሪ ነው፤ የመጨረሻው አተላ እንኳ ለከብት ይሰጣል እንጂ አይደፋም። ከማሳ የመጣው እህል በአንድ ጋን ውስጥ ሰውንም ከብትንም አጥግቦ ያልቃል፤ የዛሬው ዓለም ብክነትን ስለ መቀነስ በየጉባኤው ሲመክር፣ እናቶቻችን ግን ያለ ጉባኤ ሲፈጽሙት ኖረዋል።

ይህን ሥራ በትዕግሥት ለተመለከተ ሰው፣ ጠማቂዋ ሳትማር የምትሠራው ነገር በእውነቱ ጥልቅ ሳይንስ መሆኑ ይገለጥለታል። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኤንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ያን ደስ የሚል ኮምጣጣነት ይሰጡታል፤ ጌሾው ምሬቱንና መዓዛውን ሲያበረክት፣ የእንኩሮው መቆላት ቀለሙንና ጠረኑን ያበጅለታል። እርሾ ከገበያ አይገዛም፤ ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ ራሱ ይመጣል። ጠማቂዋ ግን ቴርሞሜትርም ሆነ ሌላ መለኪያ ሳይኖራት፣ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግታ የፍላቱን ድምፅ በመስማት፣ አረፋውን በማየት፣ ጠረኑን በማሽተትና በጣቷ ነክታ በመቅመስ፣ መቼ እንኩሮ እንደምትጨምር፣ መቼም እንደምታሽግ ታውቃለች፤ በክረምቱ ብርድ ቀኑን ታስረዝማለች፣ በበጋው ሙቀት ታሳጥራለች። ይህን የመሰለ ዕውቀት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢገኝ ፕሮፌሰር ያሰኝ ነበር፤ በጓዳ ውስጥ ስለተገኘ ግን ሲናቅና ሲረሳ፣ የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ ይቀራል።

አገራችን ሰፊ እንደ መሆንዋ መጠን የዚህ ጥበብ ቅርንጫፎችም ብዙዎች ናቸው። በትግራይ ስዋ፣ በኦሮሞ ፋርሶ የሚባሉት የጠላ ወንድሞች ናቸው፤ በደምቢያ አካባቢ ኮረፌ፣ በወላይታና በጋሞ እንደ ምግብ ወፈር ተደርጎ የሚጠጣው ቦርዴ፣ በኮንሶም በእርከኑ ላይ ለሚሠራው ገበሬ ስንቅ የሚሆነው ጫቃ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እህል፣ የየራሳቸው ሥርዓትና የየራሳቸው ክብር አላቸው። አልኮል ለማይቀምሱት ወገኖቻችን ደግሞ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ አለ። አንድ ሰው የእነዚህን ሁሉ አሠራር በቅደም ተከተል ጽፎ ቢያቀርብ፣ መጽሐፉ የመጠጥ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ አዝርዕት፣ ዕፀዋትና ሕዝቦች መዝገብ በሆነ ነበር።

ዛሬ ይህ ሀብት እየጠፋ የሚሄደው በአንድ ጠላት ምክንያት አይደለም። በከተማ ጓሮ የሚባለው ነገር ከቤቱ ጋር ጠቦ፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ቤተ ሰብ ጌሾ የሚተክልበት ስንዝር መሬት፣ ጋን የሚያስቀምጥበትም ጥግ አጥቷል፤ የጋኑን ስፍራ ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል ወስዶታል፤ በርሜሉ ደግሞ ቀላልና የማይሰበር ቢሆንም በወይራ ሊታጠን ስለማይችል፣ ሸክላው በቀዳዳዎቹ ይዞ ለጠላው ያካፍለው የነበረው መዓዛ ፈጽሞ ቀርቷል። ጋኑን የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎችም፣ በእጃቸው ፍሬ ስንጠቀም ኖረን ሰውነታቸውን ግን ስናዋርድና በክፉ ስም ስንጠራቸው የኖርን በመሆናችን፣ ልጆቻቸው ሙያውን ሸሽተው ቢሄዱ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ ይህ በደል የእኛ ነውና። በገጠሩም በኩል ጌሾው የነበረበት ስፍራ ለባሕር ዛፍና ለጫት ተለቋል፤ ወይራውም ለከሰልና ለአጥር ተቆርጦ አልቋል። ወጣቱ ደግሞ በጠርሙስ የታሸገውን ቢራ የሥልጣኔ ምልክት፣ ጠላውንም የገጠሬነት ምልክት አድርጎ ስለሚመለከት፣ ከእናቱ ሊማር የሚችልበትን ጊዜ በከንቱ ያሳልፈዋል።

በዚህ ስፍራ የቢራ ፋብሪካን ለመንቀፍ አለመነሣቴን መግለጽ አስፈላጊ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ከተቋቋመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም የአሰላና የጎንደር የብቅል ፋብሪካዎች፣ በቅርብ ዓመታትም በደብረ ብርሃን የተሠራው፣ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሸዋ ገበሬ ገብስ እየገዙ ለብዙ ቤተ ሰብ ገቢ ሆነዋል። ይሁን እንጂ የፋብሪካው ቢራ ምሬቱን የሚያገኝበት ሆፕስ ለማበብ የበጋውን ረዥም ቀን የሚሻ፣ ከምድር ወገብ ርቆ በሚገኝ አገር የሚለማ ሐረግ ስለሆነ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ጌሾ ግን በደጃችን በቅሎ ቆሟል። የአገር ምሁራን ጌሾን በፋብሪካ ደረጃ ለመጠቀም የሚያስችለውን መንገድ ቢያጠኑት፣ ገበሬውም ሆነ የአገሪቱ ካዝና የሚያተርፉበት ነገር መሆኑን ለመረዳት ረዥም ሐተታ አያስፈልገውም።

ስለ ገብሱም ቢሆን ልብ ሊባል የሚገባው ታላቅ ነገር አለ። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በየአውራጃው ተዘዋውሮ ዘር በሰበሰበ ጊዜ፣ በአንድ ማሳ ውስጥ ተደባልቆ የሚታየው የገብስና የስንዴ ልዩ ልዩነት እጅግ ስላስደነቀው፣ ኢትዮጵያን በዓለም ካሉት ጥቂት የአዝርዕት ምንጮች አንድዋ አድርጎ መዝግቧታል። ከዚያም በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ የጀርመን ሳይንቲስቶች ከኢትዮጵያ ማሳ ወስደው ካከማቹት ገብስ ውስጥ፣ ቅጠልን እንደ ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ጠባይ ተገኘ፤ ይህም ጠባይ ወደ አውሮፓ ገብስ ተሸጋግሮ፣ ዛሬ በዚያ ምድር ለቢራ ብቅል ከሚዘሩት የገብስ ዝርያዎች ብዙዎቹን የሚጠብቅ ጋሻ ሆኗል። በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ገብስን ያጠቃ የነበረውን ቢጫ ድንክ የተባለውን የቫይረስ በሽታ ለመቋቋም የተቻለው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ዘር ነው። እንግዲህ የጠላ እህል ብለው በየዓመቱ መርጠው፣ ከጥሩው ማሳ ለይተው፣ በረኃብ ዘመን እንኳ ዘሩን ሳይበሉ ያቆዩት ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎቻችን፣ የሩቁን አገር ቢራ ጠማቂ ሳይቀር ባለ ዕዳ አድርገውታል። እኛ ግን በፈንታው ከአውሮፓ የመጣውን የቢራ ገብስ በማሳችን ስንዘራ፣ ጥቁሩን ገብስ ከነስሙ እየረሳነው ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ብዙውን ናሙና ሰብስቦ በቅዝቃዜ ቢያስቀምጠውም፣ በቅዝቃዜ የተኛ ዘር የሚዘራው ገበሬና የሚጠምቀው እጅ ከሌለው፣ ሙሉ ሕይወት አለው ለማለት አይቻልም።

የሌሎች ሕዝቦች ምሳሌ በዚህ ጉዳይ ሊያስተምረን ይገባል። በፊንላንድ ገጠር ከገብስና ከአጃ መሰል እህል ብቅል ተጠምቆ በጥድ ቅርንጫፍ ውስጥ የሚጣራው ሳህቲ የተባለ የቤት ጠላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በባህላዊ አሠራሩ ተመዝግቦ ስሙ ተጠብቆለታል። የኖርዌይ ምዕራብ ገበሬዎች በእንጨት ቀለበት ላይ እያደረቁ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት ክቬይክ የሚባለው የጓዳ እርሾ፣ በኛ ዘመን ሊቃውንት አጥንተውት በዓለም ዙሪያ ቢራ ጠማቂዎች የሚፈልጉት ሀብት ሆኗል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ይህ ነው፦ በኅዳር 2009 ዓ.ም. የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ኮሚቴ በዚሁ በአዲስ አበባ ተሰብስቦ የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት በዓለም ቅርስነት በመዘገበበት ጉባኤ፣ የቤልጂግን የቢራ ባህልም አብሮ መዘገበ። ቤልጂጎች በቢራቸው ኮርተው፣ አሠራሩን ጽፈውና አስረድተው እስከ ደጃችን ድረስ መጥተው ሲያስመዘግቡ፣ እኛ በዚያው ከተማ በየሰፈሩ የሚጠመቀውን፣ ከዒዛና ዘመን የመጣውን መጠጣችንን የሚመለከት አንድ ማመልከቻ ሳናቀርብ ቀረን። መስቀልንና ጥምቀትን በዚያው መዝገብ ያስከበረች አገር፣ በእነዚሁ በዓላት ላይ የሚቀርበውን ጠላ ከነዕውቀቱ ለማስከበር አቅም አያንሳትም።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ስካር አገር የሚያጠፋ ደዌ ሆኖ ሳለ ስለ መጠጥ መልካም መናገር አይገባም የሚለው ነው። ስካር ክፉ መሆኑን የሚክድ አእምሮ ያለው ሰው የለም፤ ሃይማኖታቸው ወይም ኅሊናቸው መጠጥ የሚከለክላቸውንም ወገኖች ማክበር ይገባል። ነገር ግን የቤት ጠላ የአልኮል ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 የማይበልጥ፣ ከምግብ ጋርና በኅብረት የሚቀርብ፣ ሽማግሌ እየተቆጣጠረው የሚጠጣ ሲሆን፣ ቤተ ሰብን የሚያፈርሰው ይልቁንም ለብቻ፣ ያለ ምግብና ያለ ልክ የሚወሰደው አረቄና ከምን እንደ ተሠራ የማይታወቀው ርካሽ መጠጥ ነው። የጓዳው ሥርዓት ሲጠፋ ስካር አብሮ አልጠፋም፤ ልከኛው መጠጥ ሄዶ ልክ የሌለው ስፍራውን ወሰደ እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የሚበላ እህል ለሚጎድለው ሕዝብ እህልን ለመጠጥ ማዋል አይገባም የሚል ነው። ይህ ክብደት ያለው ነገር ነው፤ በችግር ዘመንም የድግስን ብዛት መቀነስ የአስተዋይ ሕዝብ ግዴታ ነው። ሆኖም ጉሹና ቅራሪው ለገበሬው እንደ ምግብ ጭምር የሚያገለግሉ፣ አተላው ወተትና ሥጋ የሚሰጠውን ከብት የሚያጠግብ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የብቅል ዕውቀት ከጠላ ውጭ ያለው ጥቅም ከፍ ያለ ነው፤ በሕፃን ገንፎ ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ገንፎው ቀጥኖ፣ ሕፃኑ በትንሽ ሆዱ ብዙ እህል እንዲቀበል ስለሚያስችል፣ ልጅዋን የምታሳድግ እናት ሁሉ ሊኖራት የሚገባ ዕውቀት ነው። ብቅል ማብቀልን የረሳ ሕዝብ ይህንንም አብሮ ይረሳል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የበለጠ የማከብረው ተቃውሞ የሴቶች ድካም ነው። ውሃ መቅዳቱ፣ መፍጨቱ፣ እንኩሮውን በጢስ ውስጥ ማመሱና ከባዱን ጋን ማንሣቱ በሴቶች ትከሻ ላይ ብቻ ተጭኖ የኖረ ቀንበር ነው፤ ማመስገኛ ቃል እየደረደሩ ቀንበሩን ማጽናትም ግብዝነት ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጥበብ ይጠበቅ ስንል ወንዱም ልጅ እንደ እኅቱ ጌሾ ወቅጦ፣ ብቅል አብቅሎ፣ ጋን አጥቦ ይማረው ማለታችን ነው። ባልዋ የሞተባት ወይም ያጣች ሴት ጠላ ሸጣ ልጆችዋን አሳድጋ ለትምህርት ያበቃችበት ምሳሌ በየከተማው ሞልቷል፤ ለእነዚህ እናቶች ንጹሕ ውሃ፣ የተሻሻለ ምድጃና አነስተኛ ብድር ቢሰጣቸው፣ ድካማቸው ቀንሶ ክብራቸው ከፍ ይላል። የሻገተ እህልና ያልጠራ ውሃ የሚያስከትለውን ጉዳት የጤና ባለ ሙያዎች ቢያስረዱዋቸውም፣ በቀላሉ የሚቀበሉትና የሚሠሩበት ትምህርት ይሆናል።

በስደት የሚኖሩት ወገኖቻችን በዚህ ነገር ያሳዩት ትጋት አገር ቤት ላለነው ተግሣጽ ሊሆነን ይገባል። በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በሚገኙ የሐበሻ ሱቆች የደረቀ ጌሾ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል፤ በእስራኤልም የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ጠላ መጥመቅን ከአገራቸው ይዘውት ከሄዱት ልማድ አንዱ አድርገው ያቆያሉ። ጋን በሌለበት በመስተዋት ዕቃ፣ ወይራ በማይገኝበት በተገኘው እንጨት እያጠኑ ሥርዓቱን ለማቆየት የሚደክሙ እነርሱ ካሉ፣ ጌሾው በአጥሩ ላይ፣ ወይራውም በገደሉ አፋፍ ቆሞለት ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ምን ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል?

እንግዲህ መደረግ ያለበትን በአጭሩ ልናገር። የግብርና ኮሌጆቻችንና የምርምር ተቋሞቻችን ለቢራ ገብስ ከሚሰጡት ትኩረት ጥቂቱን ለጠላ ገብስና ለጌሾ ይስጡ፤ የጌሾን ዘር፣ ተክልና ምርት አጥንተው ለገበሬው ያቅርቡ። ችግኝ የሚተክሉ ትምህርት ቤቶችና አድባራት ከባሕር ዛፉ ፈንታ ጌሾንና ወይራን ይጨምሩ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደየአውራጃው ልከው፣ የእያንዳንዱን ወረዳ አጠማመቅ ከነስሙ፣ ከነመጠኑና ከነምክንያቱ በጽሑፍና በፊልም ያስቀርጹ። ቅርስን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የጠላን ባህል ከነቦርዴውና ከነኮረፌው በአገር አቀፍ መዝገብ አስገብቶ፣ ወደ ዓለም አቀፉ መዝገብ የሚያደርሰውን መንገድ ይጀምር። ሸክላ ሠሪዎችም የነበረባቸው የንቀት ሸክም ተነሥቶላቸው፣ ሥራቸው በሚገባው ዋጋ ይከፈል።

ለአንባቢው ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ መንግሥትና ተቋማት እስኪነሡ አትጠብቅ። እናትህ ወይም አያትህ በሕይወት ካሉ፣ የሚቀጥለው በዓል ሳይደርስ እርሳስና ወረቀት ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥ፤ ስንት እፍኝ ጌሾ፣ ስንት ቁና ብቅል፣ ስንት ቀን፣ በምን ምልክት ብለህ ጠይቀህ ጻፍ፤ ከዚያም እጅጌህን ሰብስበህ አብረህ ጥመቅ። ጓሮ ካለህ ጌሾ ትከል፤ ጓሮ ከሌለህ ጓሮ ላለው ዘመድህ ችግኙን ስጠው። ይህን ዕውቀት ይዘው የቀሩት እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል።